በበጋ የሚቆፈር ማሳ፦ ያቴንጋና ሕዝቧ

(የመግቢያ ዜማ ለጥቂት ጊዜ ይሰማና ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

የዛሬው የጂኦግራፊ ትምህርታችን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይወስደናል። የአፍሪካ ካርታ በአጠገባችሁ ካለ ዘርጉት። ጣታችሁን መቀሌ ላይ አሳርፉና ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ሳትሉ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ ንዱት። ሱዳንን ታቋርጣላችሁ፤ የቻድን ሐይቅ ትነካላችሁ፤ በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ ታልፋላችሁ፤ ከዚያም ቡርኪና ፋሶ ትገባላችሁ። ጣታችሁ ከመቀሌው መስመር ሳይወጣ የሚያርፍባት ከተማ ዋሂጉያ ትባላለች። በዙሪያዋ ያለው የገበሬ አገር ያቴንጋ ነው።

መስመሩ አንድ ይሁን እንጂ ከፍታው ለየቅል ነው። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ዋሂጉያ ያለችው 330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በያቴንጋ ደጋ የሚባል ነገር የለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ከሰሃራ በረሃ የሚነሣው ሃርማታን የተባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሰማዩን ያጨልማል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ጉሮሮ ያደርቃል።

ከዋና ከተማዋ ከዋጋዱጉ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ ሰው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዋሂጉያ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ያኮ የምትባል ከተማ አለች፤ የቡርኪና ፋሶ መሪ የነበረው ቶማስ ሳንካራ የተወለደው እዚያ ነው። መሬቱ ሜዳማ ነው። አልፎ አልፎ አናታቸው የተቆረጠ የሚመስል፣ ቀይ ድንጋይ የለበሱ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ብቅ ይላሉ። ነጭ ቮልታ የሚባለው ወንዝ የሚነሣውም ከዚሁ አካባቢ ነው። አገሬው ናካምቤ ይለዋል። ወንዙ ወደ ደቡብ ወርዶ ጋና ይገባና የቮልታን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከሚሞሉት ገባሮች አንዱ ይሆናል። መነሻው ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አይፈስም፤ በጋ ሲገባ አሸዋው ብቻ ይቀራል።

የያቴንጋ ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በደህና ዓመት ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ እንደምታገኝ ስናስብ፣ ያቴንጋ የሚደርሰው የዚያ ግማሽ ገደማ ነው ማለት ነው። ዋናው ችግር ግን የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም። ዝናቡ የሚመጣው በጥቂት ኃይለኛ ውሽንፍሮች ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ አውሎ ነፋስ ይነሣል፣ ውሃው ይወርዳል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ውሃ መሬቱን አንሸራትቶ ሄዷል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ደረቅ ሊሆን ይችላል። ቡቃያ የሚሞተው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው።

ውሃው ለምን መሬት ውስጥ አይገባም? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የዛሬው ትምህርታችን ሥሩ ያለው እዚህ ነውና። ዛፍና ሣር የሌለበት ገላጣ መሬት ላይ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍ አፈሩን ይደበድበዋል። የደቀቀው አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊት የሠራ መሬት ውሃ አያስገባም፤ ውሃ ያልገባበት መሬት ሣር አያበቅልም፤ ሣር የሌለበት መሬት ደግሞ ለሚቀጥለው ዝናብ የበለጠ የተጋለጠ ነው። በያቴንጋ እንዲህ ያለው መሬት ነጣ ብሎ ከሩቅ ይታያል። ዶማ ሲመታው ይጮኻል። ገበሬው «ሞቷል» ብሎ የሚተወው ይህን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሰዉ እንምጣ። አብዛኛው የያቴንጋ ሕዝብ ሞሲ ነው፤ ቋንቋው ሞሬ ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የያቴንጋ ክፍለ ሀገር ከ550 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ስፋቱ ደግሞ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ደረቅ ለሆነ አገር ይህ ብዙ ሕዝብ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ እያደገ ሄዷል።

ሞሲዎች ፈረሰኞች ነበሩ። ናባ ያዴጋ የተባለ መስፍን ከዋጋዱጉ ቤተ መንግሥት ተለይቶ ወደ ሰሜን በመምጣት የራሱን መንግሥት መሠረተ፤ አገሩም ስሙን ከእርሱ ወሰደ። ናባ ማለት በእነርሱ ዘንድ የንጉሥም የአለቃም ማዕረግ ነው። ዋሂጉያን በ1757 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት ናባ ካንጎ የተባለው ንጉሥ ነው። ዛሬም ያቴንጋ ናባ በዋሂጉያ አለ፤ የመንግሥት ሥልጣን ባይኖረውም ሰው ይሰማዋል፣ ሽምግልና ይቀመጣል።

ፈረሰኞቹ ሲመጡ ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከእነርሱ በፊት ኩሩምባ የሚባሉ ሰዎች ያርሱበት ነበር። ከዚህ የተነሣ ሥልጣን ለሁለት ተከፈለ። ሰውን የሚያስተዳድረው ናባ ሆነ፤ የመሬቱ ጉዳይ ግን «ቴንግሶባ» በሚባለው የመሬት አባት እጅ ቀረ። ቴንግሶባው የቀደሙት ነዋሪዎች ዘር ነው። ከዘር በፊትና ከአጨዳ በኋላ ለመሬቱ የሚደረገውን ሥርዓት የሚፈጽመው እርሱ ነው፤ በመሬት ጉዳይ ጠብ ሲነሣም ቃሉ ይከበራል። እስልምና በአገሩ ከተስፋፋና ክርስትናም ከገባ በኋላ እንኳን ይህ ሥርዓት በብዙ መንደር አልጠፋም።

ከሞሲና ከኩሩምባ ሌላ አንጥረኞች አሉ። ዶማውን፣ ማረሻውን፣ ቢላውን የሚሠሩት እነርሱ ናቸው፤ ጋብቻቸውም እርስ በርስ ነው። ያርሴ የሚባሉት ነጋዴዎች በአህያ ጨውና ጨርቅ እያመላለሱ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ከብት አርቢዎቹ ፉላኒዎችም በየመንደሩ ዳር ይኖራሉ። ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ሳሞ የሚባል ሕዝብ ይገኛል። ሞሲና ሳሞ በጥንት ጊዜ ተዋግተዋል፤ ዛሬ ግን በመካከላቸው የጸና የቀልድ ዝምድና አለ። ሞሲው ሳሞውን ገበያ መሐል «አንተ የኔ ባሪያ!» ብሎ ቢጠራው ሳሞው በሳቅ እጥፍ አድርጎ ይመልስለታል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይቀላለዳሉ፤ በዚህ የሚቆጣ ሰው ነውረኛ ነው። አንዱ በሌላው ላይ እጁን ማንሣት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። በጉርብትና የኖሩ ሕዝቦች ቂምን እንዲህ አድርገው ማስቀመጥ መቻላቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ገበያው በየሦስት ቀኑ ይቆማል። እዚያ የምታገኙት እህል በዋናነት ማሽላና፣ በእኛ አገር ቡልቱግ የሚባለው ድርቅ የሚችል እህል ነው። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ባሚያም አለ። ዋናው ምግብ ከእነዚህ እህሎች ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ ነው፤ በባሚያ ወይም በባኦባብ ዛፍ ቅጠል ወጥ ይበላል። ለወጡ ማጣፈጫ የሚሆነው ሱምባላ የሚባለው ጥቁር ቅመም ከኔሬ ዛፍ ፍሬ ተቀቅሎና ተብላልቶ ይዘጋጃል፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ወጡ ውስጥ ሲገባ ግን ሥጋ ያለበት ያስመስለዋል። ከቀይ ማሽላ ዶሎ የሚባል መጠጥ ይጠመቃል። ሱምባላውንም፣ ዶሎውንም፣ ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅቤም የሚያዘጋጁትና የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። አንዲት የሞሲ ሚስት ከቤተሰቡ የጋራ ማሳ ሌላ የራሷ ትንሽ ማሳ ይሰጣታል፤ ከዚያ የሚገኘው ምርት የእርሷ ነው። የምትሠራው ግን የጋራውን ማሳ ሥራ ከጨረሰች በኋላ፣ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ነው።

ስለ ዛፎቹ ካነሣን አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። በሐረርጌ ማሽላ ማሳዎች መሐል የምናየው፣ በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው የግራር ዓይነት በያቴንጋም ይበቅላል። የዚህ ዛፍ ጠባይ ከሌሎች የተለየ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ሲመጣ ይለመልማል። ስለዚህ ከሥሩ ለተዘራው እህል ጥላ አይሆንበትም፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ፍሬው ደግሞ ሣር በጠፋበት ወቅት ለፍየልና ለከብት መኖ ይሆናል። የሐረርጌ ገበሬና የያቴንጋ ገበሬ ሳይተዋወቁ ይህንኑ ዛፍ ከማሳቸው ሳይቆርጡ ኖረዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ እድሜያችሁ ገፋ ያለ ሁሉ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ድርቅ ታስታውሳላችሁ። ያ ድርቅ የእኛ ብቻ አልነበረም። ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው የሳህል ቀበቶ ሁሉ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዝናቡ እያነሰ ሄዶ በ1973 ከፋ። በያቴንጋ ከብት አለቀ፣ ጎተራ ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላም መሬቱ ወዲያው አላገገመም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጉድጓድ ውሃ በየዓመቱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር እየራቀ ይሄድ ነበር። ከ1975 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በአንዳንድ መንደሮች ከአራት ቤተሰብ አንዱ ያህል ጓዙን ጠቅልሎ ለቆ ሄደ።

መሰደድ ለያቴንጋ አዲስ ነገር አልነበረም። ፈረንሳዮች አገሩን በ1895 ከያዙ በኋላ ግብር በገንዘብ እንዲከፈል አዘዙ፤ ገንዘብ ያልነበረው ወጣት ወደ ደቡብ ሄዶ መሥራት ግድ ሆነበት። በ1932 ዛሬ ቡርኪና ፋሶ የምትባለውን የላይኛው ቮልታን ቅኝ ግዛት አፍርሰው ለጎረቤቶቹ ሲያከፋፍሉት ያቴንጋ በዛሬዋ ማሊ ሥር ገባች፤ ብዙ ሞሲዎችም በኒጀር ወንዝ ዳር በተከፈተው ትልቅ የመስኖ እርሻ እንዲሠሩ ተወሰዱ። ቅኝ ግዛቱ በ1947 እንደገና ተቋቋመ፤ ነፃነት በ1960 መጣ። በኮት ዲቯር የካካዎና የቡና ተክል ውስጥ ግን የያቴንጋ ልጆች ሥራ አላቆመም። ዛሬም በዋሂጉያ ዙሪያ ልጁ ወይም ወንድሙ በኮት ዲቯሯ ከተማ በአቢጃን በኩል ያላለፈ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል።

መሬቱን ለማዳን የተሞከረው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ከድርቁም በፊት ነበር። ከ1962 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ባለሙያዎች የተመራ ፕሮጀክት ቡልዶዘሮችን አምጥቶ በያቴንጋ 120 ሺህ ሄክታር መሬት ላይ የአፈር እርከን ሠራ። በወረቀት ላይ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ተዳፋቱ ተለክቷል፣ ጎርፉ ተሰልቷል። ገበሬውን ግን ማንም አልጠየቀውም። እርከኑ ማሳውን ሲቆርጥበት፣ የሚሄድበትን መንገድ ሲዘጋበት ዝም ብሎ አየ። ባለሙያዎቹ ሲሄዱ እርከኑን የሚጠግን አልተገኘም፤ ዝናቡ በየዓመቱ እየሸረሸረ አጠፋው። በአፍሪካ ውስጥ በገንዘብና በማሽን ብዛት ከከሸፉ ሥራዎች መካከል ይህ በደንብ ሊጠና የሚገባው ነው እላለሁ።

የተሳካው ሥራ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከጎርጋ መንደር የሆነ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባል ገበሬ ነበር። በልጅነቱ ወደ ማሊ ቁርኣን ቤት ተልኳል፤ ኋላም በዋሂጉያ ገበያ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። በ1980 አካባቢ ብዙ ሰው መንደሩን ጥሎ ሲወጣ እርሱ ንግዱን ትቶ ወደ መሬቱ ተመለሰ። የያዘው መሣሪያ ዶማ ብቻ ነው። የተነሣበትም ዘዴ የአባቶቹ ነበር፤ ጥንት ገበሬዎች በጠፍ መሬት ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረው ይዘሩ ነበር። ዘዴው ዛይ ይባላል። ሳዋዶጎ ጉድጓዱን አሰፋው፣ አጠለቀው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ፍግ ጨመረበት።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ እናስተውል። ጉድጓዱ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በጉድጓዶቹ መካከል አንድ እርምጃ የሚያህል ክፍተት ይተዋል። በአንድ ሄክታር ላይ ከ10 ሺህ በላይ፣ አንዳንዴም ከ20 ሺህ በላይ ጉድጓድ ይቆፈራል። የሚወጣው አፈር በጉድጓዱ ታችኛ ወገን በግማሽ ክብ ይከመራል፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲቆም ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ሁለት እፍኝ ፍግ ወይም ብስባሽ ይደረጋል። አሁን ምስጥ ይመጣል። ሌላ ቦታ ምስጥ ጠላት ነው፤ እዚህ ግን ፍጉን ፍለጋ ሲመጣ ቅርፊት የሠራውን መሬት ከሥር ይበሳዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው ምስጡ በከፈተው ቀዳዳ ወደ ጥልቅ ይገባል። ዘሩ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይዘራል። ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢቀር እንኳን ጉድጓዱ ሥር ያለው እርጥበት ቡቃያውን ያቆየዋል።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። ምንም ከማይሰጥ ጠፍ መሬት፣ ዝናቡ ባነሰበት ዓመት በሄክታር ከ300 እስከ 400 ኪሎ ግራም፣ ደህና በጣለበት ዓመት ደግሞ እስከ 1,500 ኪሎ ግራም እህል ይገኛል። ድካሙም ትልቅ ነው። አንድ ሰው አንድ ሄክታር ለመቆፈር 60 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ያውም በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ድንጋይ በሆነ መሬት ላይ። ይሁን እንጂ ሥራው የሚሠራው በበጋ ነው። ሌላ ሥራ በሌለበት፣ ወጣቱ ወደ ኮት ዲቯር ለመሄድ ሻንጣውን በሚያስርበት ወቅት ነው። ያቴንጋ ክረምቱን ማርዘም አልቻለችም፤ በጋዋን ግን የእርሻ ወቅት አደረገችው።

ሳዋዶጎን መጀመሪያ ላይ ጎረቤቶቹ እብድ ነው አሉት። ማሳው ላይ እሳት የለኮሰበትም ነበር። የመሬት ሥርዓቱ የሚጠይቀውን ሳይጠብቅ በበጋ መቆፈሩ ያስቆጣቸው ነበሩ። እርሱ ግን እንደገና ቆፈረ። በፍጉ ውስጥ የነበሩ የዛፍ ፍሬዎች ከማሽላው መሐል ሲበቅሉ አልነቀላቸውም፤ ኋላም ሆን ብሎ ይዘራቸው ጀመር። በዓመታት ውስጥ ከ25 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት ያለው ደን ሆነ። በ2018 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበለ፤ በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሸለመው። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። በሕይወት ሳለ ካሳዘኑት ነገሮች አንዱ የዋሂጉያ ከተማ እየሰፋች መጥታ ከደኑ ውስጥ የቤት መሥሪያ ቦታ መሸንሸኑ ነው። ጠፍ የነበረው መሬት ዋጋ ያገኘው እርሱ ስላለማው ነበር፤ የባለቤትነት ወረቀት ግን በእጁ አልነበረም።

ለእኔ ከደኑ ይልቅ የሚበልጠው ትምህርቱ የተሰራጨበት መንገድ ነው። ከ1984 ጀምሮ ሳዋዶጎ በዓመት ሁለት ጊዜ በማሳው ላይ የገበያ ቀን ያደርግ ነበር። ከሩቅና ከቅርብ መንደሮች ገበሬዎች ዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ይለዋወጣሉ፣ ይተያያሉ፣ ጉድጓዱን በእጃቸው ይለካሉ። በ1992 ዑሴኒ ዞሮሜ የተባለ ሌላ ገበሬ ጠጠር በሞላበት የመንገድ ዳር ቦታ ላይ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ዛይ ማስተማር ጀመረ። ጥቁር ሰሌዳ የለም፣ ወንበር የለም፤ ትምህርቱ መቆፈር ነው። እንዲህ ያሉት «የዛይ ትምህርት ቤቶች» በ2001 ከ20 በላይ ሆነው ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ1989፣ ከጎረቤት ኒጀር ከኢሌላ አካባቢ 13 ገበሬዎች ያቴንጋን ጎብኝተው ተመለሱ፤ አገራቸው ሲገቡ ቆፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ጠፋ። እህል የታየው በተቆፈረው ማሳ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በኢሌላ ለማሳመን ስብሰባ መጥራት አላስፈለገም።

ከዛይ ጎን ለጎን የድንጋይ መስመር አለ። በ1979 ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት በያቴንጋ ዛፍ ለማስተከል ብሎ አንድ ፕሮጀክት ጀመረ። ገበሬዎቹ «እኛ የቸገረን እህል ነው» አሉ። ይህ ፕሮጀክት ከቀደመው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰማ። ገበሬዎቹ በማሳቸው ላይ ድንጋይ መደርደር ያውቁ ነበር፤ ችግሩ ሜዳ በሚመስል መሬት ላይ ተዳፋቱ በዓይን አለመታየቱ ነው። መስመሩ ትንሽ ካዘነበለ ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሄድና ይበጥሰዋል። መፍትሔው ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ሆነ። የቱቦው ሁለት ጫፎች በሁለት እንጨቶች ላይ ይታሠራሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ምልክት ላይ ሲቆም እንጨቶቹ የቆሙበት ከፍታ እኩል ነው። ማንበብ የማያስፈልገው፣ ማንም በአንድ ሁለት ቀን የሚማረው፣ ዋጋውም ትንሽ የሆነ መሣሪያ ነው። በዚህ መስመር ላይ የተደረደረ ድንጋይ ውሃውን አይገድበውም፤ ያዘገየዋል፣ ይዘረጋዋል፣ ደለሉንና ፍሬውን ያስቀርለታል። ድንጋዩን ከኮረብታ ማምጣት ለአንድ ሰው አይቻልም። ስለዚህ መንደሩ በደቦ ይወጣል፤ ወንዶቹ ይፈነቅላሉ፣ ሴቶቹ በራሳቸው ተሸክመው ያመጣሉ፣ ጋሪ ያለው በጋሪ ያግዛል። በቡርኪና ፋሶ ማዕከላዊ አምባ በዛይና በድንጋይ መስመር ያገገመው መሬት ከ200 ሺህ ሄክታር ያላነሰ እንደሆነ ተመራማሪዎች ገምተዋል። በብዙ መንደሮችም የጉድጓድ ውሃ ተመልሶ ቀረብ ብሏል።

ደቦውን ያጠናከረ አንድ ሌላ ሰው መጠቀስ አለበት፤ በርናር ሌዴያ ዌድራኦጎ። አስተማሪ ነበር። በ1967 ገበሬዎችን ለማደራጀት ሲነሣ አዲስ ማኅበር ከመፍጠር ይልቅ በሞሲ ባህል የነበረውን የእኩዮች ማኅበር ወሰደ፤ ናም ይባላል። በዚህ ማኅበር ውስጥ የናባ ልጅና የአንጥረኛ ልጅ እኩል ናቸው፤ አለቃ የሚመረጠው በጠባዩና በሥራው ነው። ዌድራኦጎ ይህን ይዞ የእህል ባንክ፣ ትንንሽ ግድብ፣ የአትክልት ቦታ እንዲሠራበት አደረገ። የናም ማኅበራት በሺህ ተቆጠሩ። በ1976 ከአንድ ፈረንሳዊ ባልደረባው ጋር ያቋቋመው ድርጅትም ዓላማው በጋውን ለሥራ ማዋል ነበር። ዛሬ በዋሂጉያ ዙሪያ ግድቦች አጠገብ በበጋ ድንችና ሽንኩርት ይበቅላል።

(አጭር ሙዚቃ)

መልካሙን ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ አጎድልባችኋለሁ። ዛይ ጉልበት ይፈልጋል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተሰደዱባት ሴት 10 ሺህ ጉድጓድ ልትቆፍር አትችልም። ፍግም ይፈልጋል፤ ከብት የሌለው ፍግ የለውም። መሬት ተውሶ የሚያርስ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። በሥርዓቱ ተዋሹ ዛፍ መትከል አይፈቀድለትም፤ ዛፍ መትከል መሬቱ የኔ ነው ማለት ነውና። አንዳንድ ጊዜም ጠፍ መሬት ያዋሰ ባለቤት መሬቱ ሲለማ ካየ በኋላ «መልስልኝ» ይላል።

የፍጉ ነገር ወደ ፉላኒዎቹ ይመልሰናል። ለብዙ ዘመን የሞሲ ገበሬ ከብቱን የሚሰጠው ለፉላኒ እረኛ ነበር። እረኛው ወተቱን ይወስዳል፣ ከብቱን ይጠብቃል፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ መንጋውን አገዳው በቀረበት ማሳ ላይ ያሳድራል፣ ማሳው ፍግ ያገኛል። ዛይ ሲስፋፋ ፍግ ውድ ሆነ፤ ገበሬው ከብቱን በራሱ ግቢ ማሠር ጀመረ። ጠፍ የነበረው መሬት ሲታረስም የግጦሽ ቦታው ጠበበ። የገበሬው ልማት በእረኛው በኩል ሲታይ መልኩ ሌላ ነበር፤ ይህን ጊዜ ወስዶ ያሰበበት ፕሮጀክት ጥቂት ነው።

ከ2015 ወዲህ ደግሞ የታጠቁ ቡድኖች በሰሜን ቡርኪና ፋሶ ተስፋፍተዋል። መንደሮች ተቃጥለዋል፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በ2023 መንግሥት በአገሩ ውስጥ የተፈናቀሉትን ከ2 ሚሊዮን በላይ ብሎ ቆጥሯል፤ ብዙዎቹ ዋሂጉያ ገብተው ተጠልለዋል። ብዙ ፉላኒዎች ምንም ሳያደርጉ የታጠቁትን ይረዳሉ ተብለው በጅምላ ተጠርጥረዋል፤ ብዙዎችም ተገድለዋል። የወርቅ ቁፋሮ ወጣቱን ከማሳ ይስበዋል፤ ጦርነቱ ደግሞ ማሳ ድረስ መሄዱን ራሱን አደገኛ አድርጎታል። ለሠላሳ ዓመት የተደረደረ የድንጋይ መስመር ዛሬ ባለቤቱ ሊደርስበት የማይችል ቦታ ላይ ተቀምጧል። ድንጋዩ ግን አሁንም ውሃ ያቆማል፤ ባለቤቱ ሲመለስ አፈሩን እዚያው ያገኘዋል።

ውድ አድማጮች፣ ለዛሬ የምንሰጣችሁ የቤት ሥራ አለ። በኮንሶ ያላችሁ የድንጋይ እርከን የአባቶቻችሁ ሥራ ነው፤ በትግራይ፣ በወሎ፣ በሐረርጌ ያላችሁም ጎርፍ የምታዘገዩበት የየራሳችሁ ዘዴ አላችሁ። ተማሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ከመንደራችሁ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄዳችሁ «ዝናብ ባነሰበት ዓመት ውሃውን ማሳ ላይ የምታቆዩት እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የጉድጓዱን ወይም የእርከኑን ስፋትና ጥልቀት ለኩ፣ በየትኛው ወር እንደሚሠራ ጻፉ፣ ማን እንደሚሠራውም አትርሱ። የጻፋችሁትን ላኩልን፤ በመጪዎቹ ዝግጅቶቻችን እናነብበዋለን።

(የመዝጊያ ዜማ)